የሶላቶው ብርድ ልብስ

እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ ብርድ ልብሱን በሁለት እጃቸው አራግፈው መደቡ ላይ ያነጥፉታል። ወፍራም ነው፤ ግራጫ፣ ጠርዙ በጥቁር ክር የተዘመዘመ። የልጃቸው ሚስት አልጣሽ ከወዲያ በኩል ተንበርክካ የተጨማደደውን በመዳፏ ታቃናለች። ሕፃኑ ከምድጃው ወዲህ አሮጌው አጎዛ ላይ ተኝቷል።

"ልስላሴውን አየሽልኝ!" ይላሉ እማሆይ። "ዘንድሮስ ብርዱ ይፈር።"

ብርዱ ይፈር ማለታቸው እንዲያው አይደለም። ካቻምና በሐምሌ የአልጣሽ የመጀመሪያ ልጅ እዚሁ መደብ ላይ፣ ያችኑ አጎዛ አንጥፎ ቅዳጅ ነጠላ ለብሶ፣ ደረቱን ብርድ መትቶት ሞተ። ከዚያ ወዲህ አልጣሽ እንቅልፍ የላትም፤ ስትነሣ ስትተኛ የዚህኛውን እግር ትዳብሳለች። እናም ዛሬ ጧት ባሏ ዘሩ ብርድ ልብሱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሲገባ፣ እውነቱን እንናገር፣ የማን ነው ብላ እንኳ አልጠየቀችም። ከማሳው ዳር ቁጥቋጦ ላይ አገኘሁት አለ፤ ሰሞኑን እዚያ ሰፍረው ወደ ቡሬ ካለፉት የጣሊያን ሶላቶዎች አንዱ ረስቶት ይሆናል። ጠላት ከወሰደብን ሁሉ አንድ ብርድ ልብስ ቢመልስ ምናለበት!

"ቅባት ነገር ነክቶታል እዚህ ጋ" ትላለች አልጣሽ።

"ኧረ አንቺ ልጅ! ሶላቶ በልቶ እጁን በምን ይጠርግ?" ይስቃሉ እማሆይ። "ጧት ጤዛ ጠጥቶ ነበር፤ ይኸው እሳት ዳር ሰቅዬ አደረቅሁት። በይ ልጁን አምጭው፣ ሙቀት ይወቅ።"

አልጣሽ ከመነሣቷ በፊት ጎንበስ ብላ ታሸተዋለች። ነጭ ሽንኩርት ነው፤ እንዲያውም ይሰነፍጣል። ደስ ይላታል። የአራስ ቤት ነው እንግዲህ፤ ቡዳም ሾተላይም በዚያ ሽታ ዝር አይልም ይባላል።

"እግዜር ይስጥልኝ እማሆይ፤ ነጭ ሽንኩርቱንም አሽተውበታል።"

"እኔ? እኔማ አንቺ ያሸሽበት መስሎኝ፣ እሰይ የኔ ልጅ ስል ነው የዋልሁ።"

"በየትኛው ሽንኩርት? ከቤት ካለቀ ሰነበተ እኮ።"

የሁለቱም እጅ እንደሆነ ብርድ ልብሱ ላይ ነው።

ባለፈው ሰንበት ከፈረስ ቤት ከተማ በኩል የሸሹ ሰዎች እዚህ ቤት አድረው ነበር። አልጣሽ ያሉትን በጆሮዋ ሰምታለች። አይሮፕላን ዝናብ የሚመስል ነገር አወረደብን አሉ፤ ሽታው ነጭ ሽንኩርት ነው፤ የነካው ሰው ለጊዜው ምንም አይለውም፣ እህሉን በልቶ ስቆ ተጫውቶ ይውላል፤ ገላው የሚቆስለው ቆይቶ ነው፤ እጁም የነካውን ሁሉ ይመርዛል፣ ውሃም አያስለቅቀውም። ጎረቤቱ ይህን ሰምቶ አንድም ሳይቀር ቆላ ወርዷል፤ እነሱ የቀሩት አልጣሽ አራስ ስለሆነች ነው። እማሆይ ግን የፈሪ ወሬ ነው ብለው ነበር። ትናንት ደግሞ አይሮፕላን ማሳው ላይ ሲያንዣብብ ውሏል።

"ዘሩ!" ትጣራለች። "ዘሩ፣ ና!"

ዘሩ ክንዱን እያከከ ከደጅ ይገባል። "ሳማ ፈጀኝ መሰል" ይላል። "ዓይኔንም ጭስ ገብቶት ነው መሰል ያቃጥለኛል።"

ደጅ ጭስ የለም። በበሩ ብርሃን ክንዱን ሲያዞረው ከክርኑ እስከ አንጓው ቀልቷል፤ ውሃ የቋጠረ ነገርም ብቅ ብቅ ብሏል። ብርድ ልብሱን የተሸከመበት ትከሻም እንደዚያው ነው።

"ወይ እመቤቴ!" ይላሉ እማሆይ። "ውሃ! እጃችንን እንታጠብ!" ወደ እንስራው ይንደረደራሉ።

"አይንኩት! ውሃውን እንዳይነኩብኝ እማሆይ!"

አልጣሽ አማቷ ላይ ጮኻ አታውቅም። እማሆይ ባሉበት ደርቀው ይቀራሉ። አልጣሽ ቀኑን ወደ ኋላ ታስበዋለች። እማሆይ ከጧት ወዲህ ልጁን አላነሡትም። ዘሩም አልነካውም። እሷም ብርድ ልብሱን የነካችው ገና አሁን ነው። ልጇ ደኅና ነው። ደኅና ነው! እንዳይነካው ብቻ ነው።

ሕፃኑ ይነቃል። ጥቂት ይነጫነጭና ልቅሶውን ይለቀዋል፤ ርቦታል።

ዘሩ ወደ አጎዛው ይራመድና ክንዱን አይቶ ይመለሳል። እማሆይ እጃቸውን ነጠላቸው ላይ ሊጠርጉ ይሉና ያንንም ይተዉታል። "በገዛ እጄ! እኔው ላስተኛው ነበር እኮ!" ይላሉ። እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል፤ የሚጠርጉበት እጅ የላቸውም። ንጹሕ እጅ ያለው ሰው ከቆላ ወዲህ አይገኝም።

ልጁ ፊቱ እስኪቀላ ይጮኻል፤ አፉን ወደ ግራ ወደ ቀኝ እያዞረ ይፈልጋል። አልጣሽ ከበላዩ ቆማለች፤ ሁለት እጆቿን ከገላዋ አርቃ፣ ጣቶቿን ዘርግታ። ጡቷ ልቅሶውን ሰምቶ ወተቱን ለቆታል፤ ቀሚሷን አርሶ በእግሮቿ መካከል መሬቱ ላይ ይንጠባጠባል።