ወደ ላይ የወጣው አሥራ አራት ደቂቃ

ዴቃ የፊልም መቁረጫ ፕሮግራሙን ለሦስተኛ ጊዜ ስትጫነው ያው ግራጫ ሳጥን ተመልሶ ኮምፒውተሩ ላይ ድቅን አለ። ውስጡ ሁለት መስመር እንግሊዝኛ ተጽፏል። ተማሪዎቿ ከኋላዋ አንገታቸውን አስግገው ያነባሉ።

«ምን ይላል? በደንብ አንብቢው» አለቻት ልጇን ሂባቅን።

«ፕሮግራሙ ከዛሬ ጀምሮ አይሠራም፣ አብራችሁን ስለቆያችሁ እናመሰግናለን ነው የሚለው፣ እማ።»

«ማን ሞቶ ነው?» አለች ኢዲል። ከተማሪዎቹ ምላሷ የማያርፈው እሷ ናት። የሳቀ ግን አልነበረም።

ዴቃ እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች። ትናንት ደህና ነበር። ዛሬ ያደረገችው ነገር ቢኖር፣ በየወሩ እንደምታደርገው ፈቃዱን ለማደስ የሂባቅን ስልክ ሰክታ ከኢንተርኔት ማገናኘት ብቻ ነው። ምን ነክታ ይሆን? ዘጠኝ ዓመት ኤዲቲንግ ያስተማረችው በዚህ ፕሮግራም ነው፤ ሌላ አታውቅም። ግራ እጅ ይቆርጣል፣ ቀኝ እጅ ማውሱን ይይዛል እያለች፣ የሐርጌሳን ሠርግ በሴቶቹ በኩል የሚቀርጹ ልጆች አሠልጥና ያወጣችው በዚሁ ነው። ሴቶቹ ሻሻቸውን አውልቀው፣ በስስ ድሪያ ቀሚስ የሚጨፍሩበትን ፊልም ወንድ አያየውም። የምትቀርጸውም የምትቆርጠውም ሴት ናት። ከዚህ ክፍል ደግሞ ምንም አይወጣም። እናቶች የሚያምኗት በዚህ አንድ ቃሏ ነው።

«ሦስት ሳምንት የቆረጥነው የሠርግ ፊልምስ?» አለች ኢዲል።

«የቀረጽነው አለ። የቆረጥነው በሱ ካልሆነ አይከፈትም።»

«ታዲያ እሱ የት ሄደ?»

ዴቃም የጨነቃት ይኸው ነበር። ሱቅ ቢሆን በሩን ያንኳኳሉ፣ ሰው ቢሆን ለቅሶ ይደርሳሉ። ለዚህ የት ይኬዳል? የሙሽራዋ እናት ሙሚና ደግሞ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ፊልሙን ልትወስድ ትመጣለች።

ኮሪደር ወጥታ ጅቡቲ ለምታውቃት መምህርት ደወለች። እዚያም ግራጫ ሳጥን ነው።

«እኔማ ቫይረስ መስሎኝ ነቅዬ መስኮት ጋ አስቀመጥኩት» አለቻት ሴትዮዋ። «ፀሐይ ቢነካው ይሻለዋል ብዬ።»

ስትመለስ ልጆቹ ፊታቸው ፈክቷል። ሂባቅ የእናቷ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ስክሪኑ ላይ ሌላ ፕሮግራም ተከፍቶ አንድ ሰማያዊ መስመር ቀስ እያለ ይሞላል።

«አገኘሁልሽ፣ እማ። ሌላ ነው፣ ግን ያው ነው። ዋላሂ ይሄኛው ይቀላል።»

«መስመሩ ምንድን ነው?»

«ፊልሙ እየወጣ ነው።»

«ወዴት?»

«ወደ ላይ። እዚያ ካልወጣ አይቆረጥም።»

«እዚያ ማን አለ?»

«ሰው የለም፣ እማ። የፕሮግራሙ ድርጅት ነው።»

«ድርጅቱ ውስጥ ሰው የለም?»

ሂባቅ ትንሽ አሰበች። «አለ። ግን አያዩትም።»

«አለማየታቸውን ማን አየ?»

ዴቃ መልስ አልጠበቀችም። የስልኩን ገመድ መዘዘችው። መስመሩ ቆመ። ከፊልሙ አርባ ደቂቃ አሥራ አራቱ ወጥቷል። ሂባቅ ስልኩን መልሳ አገናኘችና ሰርዝ የሚለውን ተጫነች።

«ሰረዝኩ ይላል ወይስ እሰርዛለሁ?» አለች ዴቃ።

«እሰርዛለሁ። በሠላሳ ቀን ውስጥ።»

«እስከዚያ ምን ያደርጉበታል?»

ሂባቅ ሰርዝ የሚለውን ደግማ ተጫነችው።

ዴቃ ግን ታያት። ፊልሙን የያዘ ስልክ በጫት ቤቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ፣ አንዱ ባል ሚስቱን ሲያውቃት፣ አባቶች ልጆቻቸውን ከዚህ ክፍል ጎትተው ሲያወጡ። እንዲህ ያለ ነገር ቶሎ ይታያታል። ተሳስታ ቢሆን ምንኛ ደስ ባላት።

ደብተር አወጣች። የቀረጸችውን ከመጀመሪያው ከፍታ፣ በወጣው አሥራ አራት ደቂቃ ውስጥ ፀጉሯ የታየውን ሴት ሁሉ በየስሟ መጻፍ ጀመረች። መጀመሪያ ሙሚናን። ቀጥሎ ሙሽራዋን።

«ይቺስ የማን ናት?»

«የጫማ ሻጩ ሚስት» አለች ኢዲል። «ሱቅ ውስጥ ቀና ብላ አታይም። ወገቧን ተመልከቱት።»

አሁን ጥቂት ሳቁ። ዴቃም ከንፈሯ ሊፈታ ነበር፤ አሥራ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ እስኪደርሱ። መብራት ይዛ የነበረችው ሂባቅ መብራቱን ለሌላ ሰጥታ፣ ሻሿን ወርውራ፣ ፀጉሯ እስከ ወገቧ ተለቆ ወደ ካሜራው እየሳቀች ትመጣለች። የቀረጸቻት ዴቃ ራሷ ናት። አምራ ስላየቻት ጠጋ ብላ ቀርጻታለች።

እስክሪብቶዋ ቆመ።

«እኔንም ጻፊኝ» አለች ሂባቅ፣ ዝግ ባለ ድምፅ።

ጻፈቻት። ሠላሳ አንደኛዋ እሷ ሆነች።

በሩ ተንኳኳ። «ሙሚና ናት» አለች ኢዲል በሹክሹክታ። «መምህርት፣ ፕሮግራሙ ተበላሸ ብለው ይመልሷት። እሱስ ውሸት አይደል።»

ውሸት አልነበረም። ዴቃ ሄዳ ከፈተች።

«ሰላም ለናንተ ይሁን፣ እናንተ ቀበጦች» አለች ሙሚና ጫማዋን እያወለቀች። በሩን ከኋላዋ ዘግታ፣ እዚህ እንደምትገባ ማንኛዋም ሴት ሻሿን ወደ ትከሻዋ ጣለች። ፀጉሯ ላይ ሂናው ገና አለ። «እህሳ፣ አለቀ? ልጄን አሳመራችኋት?»

ዴቃ ደብተሩን ሰጠቻት።

ሙሚና የራሷን ስም ከላይ አይታ ፈገግ አለች። ጣቷን እያስኬደች ወረደች። መሐል ላይ ፈገግታው ጠፋ።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«ዛሬ ከዚህ ክፍል የወጡ ሴቶች ናቸው፣ እህቴ። እኔ ነኝ ያስወጣኋቸው።»

«ወዴት ነው የወጡት?»

ዴቃ ሂባቅን አየቻት። ሂባቅ ኢዲልን። ኢዲል በአገጯ ኮምፒውተሩን ጠቆመች።

ሙሚና ደብተሩን እንደያዘች ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። ከዚያ በአንድ እጇ ሻሿን ከትከሻዋ አነሳችና ፀጉሯን ሸፈነች።