ከምራታቸው የሚሸሹት ሽማግሌ

«ጣይው! በእጅሽ አትንኪው አልኩሽ!»

ማራኪ ክው አለች… ማጥለያው ከእጇ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ተንከባለለ።

ሽንት ቤት ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ አይታው ላጥበው ብላ ነው ያነሳችው። ሌላ ያደረገችው ነገር የለም።

የጮሁባት የባሏ አባት አቶ ጠና ናቸው። ሆሳዕና ውስጥ ሁለት ሰው ሲጣላ ቀድመው የሚጠሩ ሽማግሌ… ድምፃቸው ከፍ ብሎ ተሰምቶ አያውቅም።

ህንድ ሄደው ታክመው ከመጡ ወዲህ ግን ሌላ ሰው ሆነዋል።

ማራኪ ስትገባ እሳቸው ይወጣሉ።

ምሳ ስታቀርብ ሳህናቸውን ይዘው በረንዳ!

ቸርች የምስጋና ጸሎት የተደረገላቸው ቀን እንኳን፣ ሰው ሁሉ እያቀፈ «እንኳን ለቤትዎ አበቃዎት» ሲላቸው… እሷ ስትጠጋ እጃቸውን ዘርግተው «እዚያው! እዚያው ሁኚ!» አሏት። በሰው ፊት!

ደግሞ መቼ መሰላችሁ? ስድስት ዓመት መካን ስትባል ኖራ፣ ተጾሞ ተጸልዮ… ነፍሰ ጡር በሆነች ጊዜ።

ባሏን ዕንባቆምን ጠየቀችው። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ አባቱን ይዞ ህንድ የሄደውም እሱ ነው።

«አባባን ምን አድርጌያቸው ነው?»

«ምንም። ህመም ነው፣ ተያቸው።»

«የምን ህመም?»

«የ… ወገብ።»

ቁልፉን አንስቶ ውልቅ!

ጎረቤቷ ትርፊት ደግሞ አፏ ለከት የለውም…

«እኔ ምላሴን ይቁረጠውና… አባትና ልጅ ውጭ ከርመው ሲመጡ ሆድሽ ገፍቶ አገኙት። ሽማግሌው ጠርጥረው እንዳይሆን?»

ይቺ ቃል ማራኪን እንቅልፍ ነሳቻት።

የማጥለያው ጩኸት ሲጨመርበት… በቃ። ልብሷን ሸከፈች። እናቷ ጋ፣ አንጋጫ። ላትመለስ።

መናኸሪያው እንደወትሮው ቀውጢ ነው። «አንጋጫ! አንጋጫ! የቀረው አንድ ሰው!» ማራኪ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ጋ ተቀምጣ እንባዋን በነጠላዋ ትጠርጋለች።

አንድ ባጃጅ ሲጢጥ ብሎ ቆመ። አቶ ጠና ወረዱ። ጫማቸውን እንኳን በቅጡ አላሰሩም።

ግን አልተጠጉም… እዚያ ማዶ ቆመው «ልጄ! ውረጂ!» ብለው ተጣሩ።

«አልወርድም!»

«እባክሽ ልጄ!»

«ሊለምኑኝ መጥተው እንኳን ይሸሹኛል? ይሄን ያህል ነው የተጸየፉኝ?»

መንገደኛው ዞር ዞር አለ። ያመጣቸው ባለ ባጃጅ ፈትሁዲን አላስቻለውም…

«ፋዘር፣ ጠጋ ብለው ያናግሯት እንጂ! ስልክ ነው እንዴ?»

አንድ እርምጃ ተራመዱ… መልሰው ቆሙ።

በኛ አገር አማትና ምራት ይከባበራሉ። ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፣ እሱም ከወገብ በታች ያለ ነገር በእሷ ፊት አያነሳም። አቶ ጠና ልጃቸውን «ምራቴ እንዳትሰማ» ብለው በእግዚአብሔር ስም አስምለውታል።

የሚኒባሱ ሞተር ተነሳ።

ያኔ ሽማግሌው ሰው በሞላው መናኸሪያ መሃል ጮኹ…

«ፕሮስቴት ነው! ካንሰር ነው የታከምኩት! ከፊኛዬ ስር፣ እጢው ውስጥ ጨረር ያላቸው ፍሬዎች ቀብረውብኛል! የሩዝ ፍሬ አያክሉም… ካንሰሩን እዚያው ሆነው ነው የሚገድሉት!»

ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ።

«ጨረሩ እስኪደክም ነፍሰ ጡር አጠገብ አትዋል አሉኝ! ማጥለያውም… አንዷ ፍሬ ከሽንት ጋር ልትወጣ ትችላለች፣ ሽንትህን በዚህ እያጠለልክ እይ ብለው የሰጡኝ ነው! ከወጣች በወረንጦ አንስተህ የእርሳስ ብረት ብልቃጥ ውስጥ ክተት፣ በእጅ እንዳትነካ አሉኝ! አንቺ ደግሞ ላጥበው ብለሽ…»

ድምፃቸው ተሰበረ።

«ስድስት ዓመት ተንበርክኬ የለመንኩትን ልጅ… እኔው ልጉዳው?»

ማራኪ እንዴት እንደወረደች አታውቅም። ጉልበታቸውን ልትስም ሮጠች።

እሳቸው ወደ ኋላ!

እሷ ወደ ፊት!

እሳቸው ወደ ኋላ… የሎሚ ነጋዴዋን ቅርጫት ሊደፉት!

«ኧረ ሽማግሌ፣ ሎሚዬን!»

የሚያለቅሰው ሁሉ ሳቀ።

በሁለት ባጃጅ ነው የተመለሱት። ማታ ዕንባቆም ሲመጣ ማራኪ «ወገብ አልከኝ?» አለችው። «አስምለውኝ እኮ ነው!» አለ።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰደቻቸው። ነርሷ የህንዱን ሐኪም ማዘዣ አንብባ ፈገግ አለች።

«አባባ፣ ርቀው መቀመጥዎ ልክ ነው። ግን ሁለት ሜትር ይበቃል፣ ለደቂቃ ቀርቦ ሰላም ማለትም ችግር የለውም። አብሮ ተጠጋግቶ መዋሉ ነው የሚከለከለው። ሳህንና ልብስ ደግሞ ጨረር አይዝም።»

«እና ያን ሁሉ ጊዜ በረንዳ ላይ ብርድ የበላኝ በነጻ ነው?»

ያን ቀን ማራኪ ቀልጠፍ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች፣ ቀልጠፍ ብላ ራቀች።

አሁን እሷ በአንዱ ጥግ፣ እሳቸው በሌላው ጥግ ሆነው እየተጯጯሁ ያወራሉ። ትርፊት በአጥር ብቅ ብላ «ሚስጥራችሁን ሰፈሩ ሁሉ ሰማው እኮ!» ስትል አቶ ጠና «ይስማ!» ይላሉ። ከመናኸሪያው ወዲህ ምን ቀራቸው?

ባለ ባጃጁ ፈትሁዲንስ? ከመናኸሪያው ማታ ቤቱ ገብቶ አባቱ አጠገብ ቁጭ አለ። ጉሮሮውን ጠራረገና…

«አባ… ሽንት ያስቸግርሃል እንዴ?»

አባቱ በሩን ዞር ብለው አዩ። ቀስ ብለው «ሁለት ዓመት ሆነኝ ልጄ» አሉት።

በሳምንቱ ተመረመሩ። ካንሰሩ ገና ሳይሰራጭ ተገኘ። አልሃምዱሊላህ!

ወዳጆቼ… የራቀህ ሁሉ አልጠላህም። አንዳንዱ የሚርቅህ ስለሚወድህ ነው። ግን ፍቅርም ካልተነገረ ጥላቻ ይመስላል፣ በሽታም በይሉኝታ ከተደበቀ ይገድላል። ተናገሩ! ጠይቁ!

እስቲ እናንተ… አባታችሁን ጤንነቱን ከልባችሁ የጠየቃችሁት መቼ ነው? ምን አላችሁ?