የእርሾ ባለድርሻ

ሊጡ ኩፍ ብሎ ክዳኑን ሲገፋ፣ ትርሲት ዓይኗን ሳትነቅል "እማዬ፣ ለምንድን ነው የሚያብጠው?" አለች።

መልሱ የሒሳብ መምህርት በሆነችው እናቷ በብርቅነሽ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው። የተማሪ እውቀት ለመምህራን በመቶኛ ከተከፋፈለ ወዲህ፣ ማን ምን እንዳስተማራት በልጅቷ እጅ ላይ የታሰረው የትምህርት ቤቱ አምባር እያደመጠ ይመዘግባል፤ ሊጥ ደግሞ የሳይንስ መምህሩ የድንቁ ድርሻ ነው። ብርቅነሽ የሰው ድርሻ ነክታ ሁለቴ ተገሥጻለች፤ ሦስተኛው ከሥራ ያሰናብታል።

"መምህር ድንቁን ጠይቂያቸው።"

"ቲቸርማ 'የግንቦት ትምህርት ነው' አሉኝ! እስከዚያ ዳቦው ይሻግታል።"

ብርቅነሽ አምባሩን ሰረቅ አድርጋ አየችው። ከዚያ ፈገግ አለች።

"እንቆቅልሽ!"

"ምን አውቅልሽ!"

"ስኳር በልታ ስትተነፍስ ቤቷን የምታሳብጥ?"

ትርሲት ሊጡን በጣቷ ወጋችው፤ እፍ ብሎ ሟሸሸ። "እርሾ! እርሾዋ ናት ውስጥ ሆና የምትተነፍሰው!"

ብርቅነሽ እንደገና አምባሩን አየች። መልሱን የተናገረችው ልጅቷ እንጂ እሷ አይደለችም። አምባሩ ረጅም ጊዜ አሰላስሎ ድምፁን አሰማ፦

"መምህር፦ ተማሪዋ ራሷ፣ መቶ በመቶ። የመምህርት ትርሲት የሥራ አፈጻጸም ግምገማ ሰኞ ጠዋት።"

ትርሲት ዱቄት የነካ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ እናቷን ገረመመቻት።

"እማዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ እኔን ሳታስፈቅጂ ስለ እርሾ እንዳታወሪ።"