ለጽንሱ ያወራሁት

እንግዲህ ዘመኑ ልጅ ከቤተ ሙከራችን፣ ከመስታወት ማህፀን የሚወለድበት ነው። እናት ድምጿን ቀድታ ትልክልናለች፤ ዘጠኝ ወር ሙሉ ለጽንሱ ማሰማት የእኔ ሥራ ነው። የአንዷ እናት፣ የማንያህልሻል እሹሩሩ ግን ሰለቸኝና ዘጋሁት። ምን ይጎዳል ብዬ፣ አንበሳ በጥፊ እንዳባረርኩ፣ አዞ ጋልቤ ዓባይን እንደተሻገርኩ ስቀድድለት ከረምኩ።

ዛሬ ልጇን ታቅፋ መጣች። እሪ ይላል።

«ጋሽ ቢተው፣ እሹሩሩ ስለው ይብስበታል። ምን አጥፍቼ ይሆን እንዲህ የጠላኝ?»

«ኧረ አንቺ ምን አጠፋሽ፣ ልጄ!»

ሕፃኑ ጸጥ አለ። አንገቱን ወደ እኔ አዙሮ ፈገግ አለ።

ማንያህልሻል አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየች። «እስቲ ደግመው ይናገሩ» አለችኝ።

ወሬ ጠፍቶኝ አያውቅም፤ ያኔ ግን ጥፋቴ እንዳይታወቅብኝ አፌን በእጄ ያዝኩ። ዝም ስል ልጁ እንደገና እሪ አለ።