የጋራ ደብተር

አባታቸው ከሮብ ገበያ የገዛላቸው ደብተር አንድ ስለነበር ታናሿ ከፊት፣ ታላቋ ደግሞ ገልብጣ ከኋላ ይጽፉ ነበር። የታላቋ አርባ በወጣ ማግስት ደብተሩ መሃል ላይ ተገናኙ። ታናሿ የ12x³ እና የ18x²ን ትልቁን የጋራ አካፋይ ልትሠራ ባዶውን ገጽ ስትዳብስ አንዳች ነገር ጣቷን ጎረበጠው። ወረቀቱን ገለበጠችው። እህቷ እርሳስ ስትጫን ለጉድ ነበር፤ ያንኑ የመጽሐፉን ጥያቄ ቀደም ብላ ሠርታ 6x³ ብላለች።

«ትልቁ ከተባለ ትልቁን ነዋ!» ትል ነበር ሁልጊዜ። «ሁለቱም ጋ ያለው x² ብቻ ነው» እያለች፣ እየሳቀች የምታጠፋላት ታናሿ ነበረች። አሁንም ላጲሱን አነሳች።

«ምን ልታጠፊ ነው?» አለች እናቷ ከበሩ። ፊደል አልቆጠረችም። ቀስ ብላ መጥታ እጇን ገጹ ላይ አሳረፈች። «የእሷ ጽሑፍ ነው?»

«የእሷ ነው።»

«ልክ ሠርታዋለች?»

ልጅቷ ላጲሱን በመዳፏ ጨበጠችው።

«ልክ ናት፣ እምዬ።»

እናቷ እጇን ስታነሳ ልጅቷ ወረቀቱን መለሰችው። ከዚያም ነገ መምህሩ በሚያርመው በራሷ በኩል፣ እርሳሱን አጥብቃ ተጭና፣ 6x³ ብላ ጻፈች።