ያልተፈተሸው ፍላሽ

ፀደንያ ፍላሹን ከኮምፒውተሯ ነቅላ፣ ክዳኑ ከተከፈተው ምሳ ዕቃ አጠገብ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። ፒያሳ ኮፒ ቤት ከከፈተች ጀምሮ የማንንም ፍላሽ በፀረ ቫይረስ ሳትፈትሽ ከፍታ አታውቅም። የጎረቤቷን የባለ ፎቶ ቤቱን የመሓሪን ግን፣ በየቀኑ ከአንድ ምሳ ዕቃ እየጎረሱ መፈተሽ ነውር መስሏት እንዲሁ ከፈተችው። ቫይረሱ የደንበኞቿን ሥራ ሁሉ ጠራርጎ በላው።

«ቫይረስ እንዳለበት ታውቅ ነበር?»

መሓሪ አንገቱን ደፋ። «ጠርጥሬ ነበር።»

«ታዲያ አትሚልኝ ብለህ ለምን ሰጠኸኝ?»

«አይ ፀዲ፣ እኔ ጋ ብሰካው የሙሽሮቹ ፎቶ ሊጠፋብኝ ነው። መጀመሪያ አንቺ ጋ ይሞከር ብዬ ነዋ!»

ፀደንያ ለሁለት የቋጠረችውን ምሳ ወደ ራሷ ሳበችና ክዳኑን መልሳ ገጠመችው።