የቀለም ቀቢው ትርፍ ቀን

መሐንዲሷ ጣቷን ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው የሥራ መርሐ ግብር ላይ አላነሳችም። ሴራሚክ ነጣፊው ስልኩን እንደጨበጠ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ሚስቱን ምጥ ይዟታል። “ሂድ” የሚለው ቃል አፏ ላይ ደርሶ ተመለሰ። የእሱ ሥራ አንድ ቀን ከተጓተተ በሩም፣ የቧንቧ ገጠማውም፣ ርክክቡም ይጓተታል። ቢዘገይ ማንንም የማያስቆመው፣ መርሐ ግብሩ ላይም አንድ ትርፍ ቀን ያለው ቀለሙ ብቻ ነበር።

“የኔን ትርፍ ቀን ይስጡት፣ ኢንጂነር” አለ ከኋላ ቀለም ቀቢው፣ ብሩሹን በጨርቅ እየጠረገ።

“ትርፍ ቀን እኮ ከኪስ አውጥተው የሚሰጡት ነገር አይደለም።”

“አውቃለሁ። ቀለሙ ይቆይና ሴራሚኩን እኔ አነጥፋለሁ። ድሮ እንጀራዬ እሱ ነበር።”

መሐንዲሷ ዞር ብላ አየችው። ሁለቱ ሰዎች አዲስ በተቀባ ግድግዳ ላይ በተፈናጠቀ ሲሚንቶ የተነሳ ተኮራርፈው፣ “መሰላሉን ያንሣልኝ” የሚባባሉት እንኳ በእሷ በኩል ነበር። ነጣፊው ጎንበስ አለና ሲንበረከክ ጉልበቶቹ ላይ የሚያስራቸውን ሁለት ስፖንጆች ፈታ። ለቀለም ቀቢው ዘረጋለት።

“የግራው ይላላል፤ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰር” አለ።

መሐንዲሷ እንደ ልማዷ መልእክቱን ልታደርስ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ መልሳ ዘጋችው።